በምን ሞተች? በስንት ዓመቷ?

እስቲ ጠጋ በሉ። «ተረት ተረት» ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ብላችሁ ትቀበሉኝ ነበር። የዛሬው ግን ተረት አይደለምና መቀበያውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። የዛሬው የቆጠራ ነገር ነው። ሙት የመቁጠር ነገር።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1866 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ስለሆነ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ። ከተማው ፓሪስ። ፖል ብሮካ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም አለ። ስለ አንጎል የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በግራ በኩል ያለው ንግግር የሚያሳካልን የአንጎል ክፍል እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ያገባት ሴት የሐኪም ልጅ ናት። የአማቱም ስም አልጠፋም፤ ላቦራቶሪ የሠራ ሰው «ሉጎል አዮዲን» የሚል የተለጠፈበትን ቡናማ ጠርሙስ አይስተውም። ያ ሉጎል የብሮካ አማት ነው።

ታዲያ ብሮካ ስለ እባጭ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሙታን ዝርዝር አስገባ። አራት ትውልድ፣ 24 ሴቶች። ከ24ቱ 10ሩ የሞቱት በጡት ካንሰር ነው። ቤተሰቡ የገዛ ሚስቱ ቤተሰብ እንደሆነ ይነገራል። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው የሚቆጥረው የሩቅ በሽተኛ አልነበረም፤ ማታ አብራው እራት የምትቀርበውን ሴት ዘር ነው። በአንድ ቤት ይህን ያህል ሞት እንዲያው በአጋጣሚ አይመጣም ብሎ አሰበ። አሳቡን ጻፈው። ከዚያስ? ከዚያማ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይገኝ መቶ ዓመት አለፈ።

መልስ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ከወላጁ መልክ ይወርሳል፣ ቁመት ይወርሳል፤ ካንሰርን ግን እንዴት አድርጎ? ደግሞ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አንድ ምግብ ይበላሉ፣ አንድ ውኃ ይጠጣሉ፣ አንድ ጭስ ይስባሉ። እኛስ ብንሆን አንድ በሽታ በአንድ ቤት ሲደጋገም «ቤቱ ላይ የወደቀ ነገር አለ» እንል የለም? በ1970ዎቹ ደግሞ የብዙ ተመራማሪ ልብ ወደ ቫይረስ አዘንብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው አንዲት የሒሳብ ተማሪ የነበረች ሴት ብቅ ያለችው።

ሜሪ ክሌር ኪንግ ትባላለች። የተወለደችው በ1946 ከቺካጎ አጠገብ ነው። የልጅነት ጓደኛዋ ገና በለጋነቷ በካንሰር ሞታባታለች። ኮሌጅ የተማረችው ሒሳብ ነው፤ ቁጥር ወዳጅ ናት። በርክሌይ ሄዳ የዘረመል ትምህርት ቀመሰችና በዚያው ቀረች። ለዶክትሬቷ የሰውንና የቺምፓንዚን ፕሮቲኖች አነጻጽራ 99 በመቶ ያህል አንድ መሆናቸውን አሳየች። ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃ ነበር። በ1973 ቺሊ ለማስተማር ሄደች፤ የፕሬዚዳንት አየንዴ መንግሥት በወታደር ሲገለበጥ እዚያው ነበረች። ተመልሳ መጣችና በ1974 ያንን የብሮካን ጥያቄ አነሳች፦ የጡት ካንሰር የሚወረስበት መንገድ አለ ወይስ የለም?

ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቿ የማይሆን ነገር ይዛለች አሉ። የጡት ካንሰር የተወሳሰበ በሽታ ነው፤ አንድ ጂን ብቻውን እንዴት ያመጣዋል? እሷ ግን አልተከራከረችም። ቆጠራዋን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ወጣ ልበልና አንድ ሳምንት ላጫውታችሁ። ይህን እሷ ራሷ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ቆማ የተረከችው ነው፤ ስለዚህ ከሷ ወስጄ ብነግራችሁ ነውር አይሆንብኝም። 1981 ነው። በዚያ ሳምንት ባሏ ትቷት መሄዱን ነገራት። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ቋሚ መምህርነት እንደሰጣት ተነገራት፤ እሷ ደስታው ቀርቶባት አለቀሰች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌባ ገብቶ ዘርፎታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በሆነበት ሳምንት መጨረሻ ዋሽንግተን ሄዳ ለምርምሯ ገንዘብ የሚሰጡትን ሰዎች ማሳመን አለባት። ትንሿን ልጇን ኤሚሊን እንድትይዝላት እናቷ ከቺካጎ መጣች። እናት የልጇን ትዳር መፍረስ ስትሰማ ግን ተቆጣች፣ ሆድ ባሳት፣ «አገሬ እገባለሁ» አለች። የእናት ነገር ነው፤ እኛ አገር ቢሆንም ያው ነበር።

እንግዲያው ኪንግ ልጅሽን ይዘሽ ነይ ተባለች። እናም ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ፤ አንድ እጇ ላይ ሻንጣ፣ ሌላው ላይ ልጅ፣ አጠገቧ ደግሞ ብቻዋን መንገዱን የማትችል እናት። የእናቷ አውሮፕላን ሊነሳ ነው፤ የራሷ ቲኬት አልተቆረጠም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ከኋላዋ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ እናትሽን ሸኝተሽ ነይ፣ እኔና ልጅቷ እዚሁ እንቆያለን አላት። ዞር ብላ ስታየው ጆ ዲማጆ ነው! አሜሪካኖች በቤዝቦል የሚያመልኩት፣ ማሪሊን ሞንሮን አግብቶ የነበረው ዲማጆ። እናት «ልጅ ለማያውቁት ሰው ይሰጣል ወይ?» ብትል ኪንግ መልስ አላጣችም፤ ዲማጆ ካልታመነ ማን ሊታመን ነው? ሸኝታ ስትመለስ ሽማግሌውና ሕፃኗ ወሬ ይዘዋል። ዋሽንግተን ደረሰች፤ ተናገረች፤ ገንዘቡን አገኘች። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የተሠራው በዚያ ገንዘብ መነሻነት ነው። የሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ ልጅ የያዘው ሰው ይረሳል። እኔ አልረሳውም።

አሁን ወደ ቆጠራው።

አንድ ነጭ ወረቀት ዘርጉ። ሴት ከሆነች ክብ ሣሉ፣ ወንድ ከሆነ አራት ማዕዘን። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አያይዙ፤ ልጆቻቸውን ከሥር አንጠልጥሉ። የታመመችውን ክብ በጥቁር ሙሉት። የሞተውን በሰያፍ መስመር ሠንጥቁት። ከዚያ ከጎኑ ትንሽ ቁጥር ጻፉ፤ ስትታመም ስንት ዓመቷ ነበር? የዘረመል ሐኪሞች የሚሠሩት እንዲህ ነው። መሣሪያው እርሳስ ነው፤ ከባዱ ሥራ ስልክ ደውሎ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ያዘነ ሰው ፊት ተቀምጦ «እህትሽ በምን ሞተች? በስንት ዓመቷ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

በ1988 ኪንግና ባልደረቦቿ የ1,579 ቤተሰቦችን ዝርዝር አጥንተው አንድ ነገር አሳተሙ። በአብዛኞቹ ቤቶች በሽታው ያለ ውርስ የመጣ ነው። ከመቶ ወደ አራት በሚጠጉት ቤቶች ግን ልክ አንድ ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚያሳየውን መልክ ያሳያል። ይህ የሒሳብ ማስረጃ ነው። ጂኑ ግን የታለ?

ሌባውን አታውቁትም እንበል፤ በተሰረቀበት ቤት ሁሉ ደጃፍ ግን አንድ ዓይነት የጫማ ዱካ ብታገኙ ሌባው ከየት ሰፈር እንደሚመጣ መገመት ትጀምራላችሁ። ዱካው በዲኤንኤ ላይ እዚህም እዚያም የሚገኝ፣ ከሰው ሰው የሚለያይ ምልክት ነው። በአንድ ቤተሰብ የታመሙት ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ጤነኞቹ ካልያዙት፣ ጥፋተኛው ጂን እዚያ ምልክት አጠገብ ይኖራል ማለት ነው። እንግዲህ ደም ተቀድቶ፣ ዲኤንኤው ተለይቶ፣ በራጅ ፊልም ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ መስመር ለመስመር ማነጻጸር ነው። አንዱ ምልክት ተሞከረ፤ የለም። ሌላው፤ የለም። ኪንግና ተማሪዎቿ ከ180 በላይ ምልክት ፈተሹ። ስንት ዓመት እንደፈጀ አትጠይቁኝ፤ ጥናቱን ከጀመረችበት እስከዚህ 16 ዓመት አልፏል።

በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ምልክት ጠረጠሩ። 23 ቤተሰብ፣ 146 ታማሚ። ሁሉን ደምረው ሲያሰሉ ግን ውጤቱ ወላወለ፤ አንዱ ቤተሰብ አዎ ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። ይኼኔ ነው የእርሳሷን ትንሽ ቁጥር ያስታወሷት፤ ዕድሜዋን። ቤተሰቦቹን በዕድሜ ደረደሯቸው፤ ሴቶቹ በለጋ ዕድሜ የታመሙበትን ቤት ከላይ፣ በእርጅና የታመሙበትን ከታች። ከላይ ያሉት ሰባቱ ቤተሰቦች አንድ ድምፅ ሆነው አዎ አሉ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። የጡት ካንሰር በእርጅና ብዙ ሴት ይይዛል፤ በሰባ ዓመቷ የታመመች አክስት ከውርሱ ጋር ምንም ላይኖራት ይችላል። በሠላሳ አምስት ዓመቷ የታመመች ግን ሌላ ታሪክ አላት። ስንዴና እንክርዳዱን የለየው ማበጠሪያ ዕድሜ ሆነ።

በ1990 ጥቅምት ላይ ሲንሲናቲ በተደረገ የዘረመል ሳይንቲስቶች ጉባኤ ማታ ተነሥታ ይህንን ተናገረች። አዳራሹ ተናወጠ። በታኅሣሥም «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ታተመ። የጂኑ ስም ብራካ አንድ ተባለ። ከፈረንሳይ ሊዮን የመጣው ዤልቤር ለኗር በእጁ ባሉት ቤተሰቦች ፈትሾ እውነት ነው አለ፤ ያውም እነዚሁ ቤተሰቦች የኦቫሪ ካንሰርም አለባቸው ብሎ ጨመረበት።

ሰፈሩ ታወቀ እንጂ ቤቱ አልታወቀም። አራት ዓመት የፈጀ እሽቅድድም ሆነ፤ እሱን ቶሎ ልለፈው። በ1994 ጂኑን ራሱን ነጥሎ ያወጣው የማርክ ስኮልኒክ ቡድን ነው፤ ከዩታ። ዩታ የሞርሞኖች አገር ነው፤ ሞርሞኖች ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን በመጻፍ የሚስተካከላቸው የለም። በ1995 መጨረሻ እንግሊዝ ያለው የማይክ ስትራተን ቡድን በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውን ሁለተኛውን፣ ብራካ ሁለትን፣ አወጣ።

ጂኑ ምን ይሠራ ኖሯል? ጠጋኝ ነው። የህዋሳችን ዲኤንኤ በየቀኑ ይቆረጣል፣ ይላጫል፤ አንዳንዴም ሁለቱም ገመድ በአንዴ ይበጠሳል። ብራካ አንድና ብራካ ሁለት የተበጠሰውን ቦታ አስተካክለው የሚሰፉ ፕሮቲኖችን ያስገኛሉ። እንግዲህ ሚውቴሽን ማለት በጂኑ ጽሕፈት ላይ የተሠራ ግድፈት ነው። ዲኤንኤ ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ነው የሚነበበው። በአማርኛ ላሳያችሁ፤ ሦስት ሦስት ፊደል ያላቸው ቃላት ልደርድር፦

ከበደ ላሙን አሰረ ወተት አለበ።

አሁን ከመጀመሪያው ቃል ሁለት ፊደል ይውደቅ፤ «በ» እና «ደ»። አንባቢው ግን ሞኝ ነው፤ ሦስት ሦስት መቁጠሩን አይተውም፦

ከላሙ ንአሰ ረወተ ትአለ በ።

ከበደም የለ፣ ላሚቱም የለች፣ ወተቱም ፈሰሰ። በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ የታወቀው የብራካ አንድ ግድፈት ልክ እንዲህ ያለ ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ ወድቀዋል። ሙሉው ፕሮቲን 1,863 አሚኖ አሲድ ነበር፤ ግድፈት ያለበት ግን 39ኛው ላይ ሲደርስ «አበቃ» የሚል ትእዛዝ ያነብና ይቆማል። ጠጋኙ ገና መርፌውን ሳያነሳ። ከ40 አሽከናዚ አንዱ ይህንን ወይም ከሁለት የታወቁ ሌሎች ግድፈቶች አንዱን ይዞ ይወለዳል።

ይዞ መወለድ መታመም አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሁላችንም ሁለት ቅጂ አለን፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ችግሩ በዕድሜ መካከል ከጡት ህዋሳት በአንዷ ውስጥ ያ ደህናው ቅጂ ሲበላሽ ነው። ያቺ ህዋስ ጠጋኝ አልባ ትሆናለች፤ ግድፈት በግድፈት ላይ ትከምራለች። ጎጂ የብራካ አንድ ግድፈት ካላቸው 100 ሴቶች 80 ዓመት እስኪሞላቸው 72 ያህሉ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ በብራካ ሁለት 69 ያህሉ። ለአማካይ አሜሪካዊት በዕድሜ ልኳ ከ100 13 ገደማ ነው። በሌላ በኩል ጡቷን ካንሰር ከያዛት አሥር ሴት ዘጠኟ እንዲህ ያለ ውርስ የላትም፤ የእሷ ግድፈት በዕድሜዋ መካከል እዚያው ጡቷ ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም። ስለዚህ እናቴ ታማለች ማለት እኔም እታመማለሁ ማለት አይደለም። ወራሽ በሆነ ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር።

የጠጋኙ እጅ በተሰበረበት በኩል መድኃኒትም ተገኝቷል። ኦላፓሪብ የሚባለው ክኒን የካንሰሩን ህዋስ ሁለተኛ ጠጋኝ ያግትበታል። ጤነኛው ህዋስ ብራካው ስላለ ይተርፋል፤ ካንሰሩ ግን ሁለቱንም አጥቶ ይፈርሳል። ይህ ከሰማኋቸው ብልሃቶች ሁሉ የሚገርመኝ ነው።

ፍርድ ቤትም ደርሷል ነገሩ። ጂኑን ያወጣው የዩታው ኩባንያ፣ ሚርያድ፣ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ምርመራውን ከ3,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ2013 ግንቦት ላይ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ የብራካ አንድ ግድፈት እንዳለባትና ሁለቱንም ጡቶቿን አስቀድማ እንዳስወጣች በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈች፤ እናቷ የሞተችው በ56 ዓመቷ ነው። በወሩ፣ ጁን 13፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል በተፈጥሮ ያለ ጂን የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም ብለው ፈረዱ። ወዲያው ሌሎች ላቦራቶሪዎች በርካሽ መመርመር ጀመሩ።

ለእኛ ዓይነቱ ሰው ግን ርካሽ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሐበሻ ሴት አሜሪካ ውስጥ ተመርምራ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ወረቀት ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ጉዳት ይኑረው አይኑረው ሐኪሙም አይነግራትም፤ ምክንያቱም ማመሳከሪያ ሆኖ የተከማቸው የዲኤንኤ መዝገብ አብዛኛው የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሰዎች ነው። የእሷን ፊደል የሚያነብ መዝገበ ቃላት ገና አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው ወረቀት ዘርግቼ የራሴን ቤት መሣል የጀመርኩት። እንደሚቀለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ያደግሁት ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ነው፤ አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው እገሌ የእገሌ ልጅ እያሉ እስከ ሰባተኛው ሲያወርዱት ትንፋሽ አይቆርጡም ነበር። አራት ማዕዘኖቹ ፈጥነው ሞሉ። ክቦቹ ግን አልመጣ አሉኝ። ስንቆጥር የኖርነው በአባት ስም ነዋ! የአባቴ እናት እህት፣ ስሟ ማን ነበር? በምን ሞተች? ከጎኗ ጥያቄ ምልክት አደረግሁ። በአባት በኩል ይህ ነገር እንደሚያልፍ፣ ወንድ ሳይታመም ይዞት ለሴት ልጁ እንደሚያወርስ አሁን አውቃለሁና ክቧን ባዶ መተው ጨነቀኝ። በቤተሰቡ በዕድሜ ለቀሩት አክስቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ የአያቴ ታናሽ እህት በምን ነበር ያረፉት?»

«ምነው ልጄ፣ ምን አስታወሰህ? ምች ነው የመታት።»

«ምቹ ምን ላይ ነበር?»

ዝም አሉ። በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ጡቷ ላይ። ድርቅ ብሎ ቀረ። ጠበሉም፣ ቅጠሉም ተሞከረ።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ዓመት ማን ይቆጥራል በዚያ ዘመን! ልጇን ጡት አላስጣለችውም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። እኔው ነኝ ያዘልኩት።»

ክቧ አጠገብ ካለው ጥያቄ ምልክት በታች በእርሳስ «ምች፣ ጡት፣ ልጅ ታጠባ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ጥቁር ልሙላት አልሙላት አላወቅሁም፤ የምታጠባ ሴት ጡት በስንት ነገር ይታመማል። ተውኳት።

«ልጁስ፣ ያዘሉት?»

«እሱማ አደገ፣ ገበሬ ሆነ፣ አንድ ቀን ሳይታመም አርጅቶ ነው የሞተው። ሦስት ሴቶች ወልዷል።»

አራት ማዕዘን ሣልኩ፤ ከሥሩም ሦስት ባዶ ክቦች።

«እትዬ፣ የልጆቹን ስልክ ከማን ላገኝ እችላለሁ?» አልኳቸው።